ቅዱስ መጽሐፍ በስንት እጅ ያልፋል?

ቅዱስ መጽሐፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሲጽፍ ነው። መጻሕፍቱ ራሳቸው ግን እንደዚያ አይሉም።

ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን እንይ። ኤርምያስ ይናገራል፣ ጸሐፊው ባሮክ ከአፉ እየሰማ በክርታስ ላይ ይጽፋል። ክርታሱ ንጉሥ ኢዮአቄም ፊት ተነበበ። ብርድ ስለሆነ ንጉሡ ፊት እሳት ይነዳል፤ ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር እየቆረጡ እሳቱ ውስጥ ይጥሉታል፣ ክርታሱ ሙልጭ ብሎ እስኪያልቅ። ከዚያስ? ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ለባሮክ ሰጠው፣ የተቃጠለው በሙሉ እንደገና ተጻፈ፣ ምዕራፉም የሚያልቀው ብዙ ተመሳሳይ ቃል ተጨመረበት ብሎ ነው። እዚህች ጋ ቆም በሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ይህንንም መጽሐፉ አልደበቀንም።

መጽሐፈ ምሳሌም 25፥1 ላይ የሕዝቅያስ ሰዎች የሰሎሞንን ምሳሌዎች እንደገለበጡ ይናገራል። በሁለቱ ነገሥታት መካከል ከ200 ዓመት በላይ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቃሉን የያዙት ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ለእኔ ትልቁን ምስጋና የሚገባቸው እነሱ ናቸው።

የአይሁድን ታልሙድ፣ የመምህራኑን የሕግ ውይይት የያዘውን መጽሐፍ፣ ገለጥ ብታደርጉ ደግሞ ክርክራቸውን ገጹ ላይ ታገኙታላችሁ። መሃል ላይ ዋናው ጽሑፍ፣ ዙሪያውን የ11ኛው ክፍለ ዘመኑ ተርጓሚ ራሺና ከእሱ በኋላ የመጡት ተርጓሚዎች ማብራሪያ። ተቀባይነት ያጣ ሐሳብ እንኳ ብዙ ጊዜ ከነባለቤቱ ስም ተቀምጧል።

እኔን በጣም የሚደንቀኝ ግን ሕንድ ውስጥ የተነሣው የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ የሲኮች መጽሐፍ፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1604 አምስተኛው ጉሩ፣ ማለትም መንፈሳዊ መሪ፣ አርጃን መዝሙሮቹን ሰብስበው ለባሂ ጉርዳስ አስጻፏቸው። የማንን መዝሙር? የጉሩዎችን ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሸማኔው ካቢር አለ፣ የቆዳ ሠራተኛው ራቪዳስ አለ፣ የመጀመሪያው ጉሩ ናናክ ከመወለዳቸው 200 ዓመት ገደማ ቀድመው ያረፉት ሙስሊሙ ሼኽ ፈሪድም አሉ። እያንዳንዱ መዝሙር የማን እንደሆነ ተለይቶ ተጽፏል።

በኋላ አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ የአባታቸውን መዝሙሮች ጨመሩበት። በ1708 ሊያርፉ ሲሉ ደግሞ ሌላ ሰው አልሾሙም፤ ከእንግዲህ ጉሩአችሁ ይህ መጽሐፍ ነው አሉ። መጨመሩም በዚያው ቆመ።