ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሁለት ጊዜ መለካት

ሰላማዊት፦ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ነን። ይበልጣል ትናንት ከዘጌ ተመልሷል። ይቤ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሄደህ ምን ስታይ ዋልክ?

ይበልጣል፦ ግድግዳ። ሥዕሉንማ ሁሉም ሰው ያየዋል። እኔ ሥዕሉን የተሸከመውን ግድግዳ ነው ሳይ የዋልኩት። ሥዕሉ ያለው በጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከጨርቁ ሥር ጭቃና ጭድ አለ፣ ከጭቃው ውስጥ ደግሞ እንጨት።

ሰላማዊት፦ እንደ ገጠር ቤት ማለት ነው።

ይበልጣል፦ አዎ፣ አሠራሩ ያው ነው። ጠላቱም ያው ነው። ጭቃው ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል። ግድግዳው ትንሽ ዘመም ሲል ጨርቁ ይላቀቃል። ያ ሁሉ ቅዱስና መልአክ የሚኖረው በዚህ ጭቃ ጤንነት ነው። ለዚህ ነው ሕንጻውን ስካን የማድረጉ ነገር እንቅልፍ የነሳኝ።

ሰላማዊት፦ እስኪ ከሥሩ ጀምር። ስካን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመታወቂያ ኮፒ ነው።

ይበልጣል፦ መሣሪያው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። እየዞረ የሌዘር ብርሃን ይልካል። ብርሃኑ ግድግዳውን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ከጊዜው ርቀቱ ይሰላል። በአንድ ሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይይዛል። ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ ሕንጻው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ይላል። የነጥብ ደመና ይሉታል።

ሰላማዊት፦ ጨለማ ውስጥም ይሠራል?

ይበልጣል፦ ሌዘሩ መብራት አይፈልግም። ለቀለሙ ግን ፎቶ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ነው ፎቶግራሜትሪ የሚመጣው። ብዙ ፎቶ ታነሻለሽ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከፊተኛው ጋር ከግማሽ በላይ መደራረብ አለበት። ኮምፒውተሩ አንዱን ነጥብ ከተለያየ አቅጣጫ አይቶ ቦታውን ያሰላል። ደግሞ ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1858 አልብረኽት ማይደንባወር የሚባል ጀርመናዊ የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ነው ሕንጻውን ከመንጠላጠል ፎቶውን እንለካ ያለው።

ሰላማዊት፦ በስልክስ? አሁን ስልክ ላይም አለ ይባላል።

ይበልጣል፦ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የአይፎን ፕሮ ስልኮች ላይ ሌዘር አለ። አምስት ሜትር ያህል ያያል። ሞክሬዋለሁ፣ የአክስቴ ጎጆ ላይ። በውጭ በኩል ዞሬ ስጨርስ በሩ ሁለት ሆኖ ወጣ።

ሰላማዊት፦ እንዴት ሁለት?

ይበልጣል፦ ስትዞሪ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ስሕተት ይጠራቀማል። ተመልሼ መነሻዬ ላይ ስደርስ፣ ስልኩ መነሻው መሆኑን አላወቀም። በሩን በአንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጎ ደገመው። አሁን ቅኔ ማኅሌቱን አስቢው። የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው። መቅደሱ መሐል ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፣ አንቺ በዙሪያው ትሄጃለሽ። ከአንዱ ጎን ሆነሽ ሌላውን ጎን አታዪውም። ለካሜራ እንዲህ ያለ ቤት ከባድ ነው።

ሰላማዊት፦ ታዲያ መላው ምንድን ነው?

ይበልጣል፦ በሮቹን መጠቀም። በሩ ሲከፈት ውስጡና ውጩ አንድ ላይ ይታያሉ፣ ያ ክቡን እንደ ማገር ያስረዋል። ሌላው ደግሞ፣ ይሄ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ውጭ የማይነቃነቅ ቦታ ላይ ምልክት መትከል። ድንጋይ ላይ ሊሆን ይችላል። ቦታው በቅየሳ መሣሪያ በትክክል ይለካል።

ሰላማዊት፦ ለምን ውጭ?

ይበልጣል፦ ምልክቱ ግድግዳው ላይ ከሆነ፣ ግድግዳው ሲዘም አብሮ ይዘማል። መዝመሙን አታዪውም። ከዘመመ ሰው ጋር አንቺም ብትዘሚ እሱ ቀጥ ያለ ይመስልሻል።

ሰላማዊት፦ ገባኝ። ማለት ተመልሰህ ልትለካ ነው።

ይበልጣል፦ ዋናው እሱ ነው! አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ሕንጻ ጥሩ ፎቶ አለው ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ሲለካ ግን ሕመሙ ይታወቃል። ጤና ጣቢያ ልጅ ሲመዘን አስቢ። ነርሷ አንዱን ኪሎ ብቻ አይታ ብዙ አትናገርም። ካርዱ ላይ ያለፈውን ወር ታያለች። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ ትለኪያለሽ። ጥቅምት ላይ ትመለሻለሽ። ሁለቱን ነጥብ በነጥብ ስታነጻጽሪ፣ የትኛው ግድግዳ እንዳበጠ፣ የትኛው ምሰሶ እንደሰጠመ በሚሊ ሜትር ይወጣል። በስልክ ግን እዚህ አትደርሺም፣ የስልክ ስሕተት በሴንቲ ሜትር ነው።

ሰላማዊት፦ እኔ ግን ስካን ሲባል የሚመጣብኝ ቃጠሎ ነው። የፓሪሱ ኖትር ዳም።

ይበልጣል፦ ልክ ነሽ። አንድሩ ታሎን የሚባል የጥበብ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 በሌዘር ለክቶታል፣ ከአንድ ቢሊዮን ነጥብ በላይ። በ2019 ሲቃጠል እሱ በሕይወት አልነበረም። ልኬቱ ግን ነበረ። ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ታሎን ቃጠሎውን አልጠበቀም። በዚያው ልኬት፣ በምዕራብ በኩል ያሉት ዓምዶች መስመራቸውን እንዳልጠበቁ አይቷል። በዓይን ግን ቀጥ ያሉ ይመስላሉ። የኛም አገር አልቀረም፤ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ላሊበላን በሌዘር ለክቷል። ላሊበላ ግን አለት ነው። ጭቃ ከአለት ቀድሞ ይሄዳል፣ እኔን የሚያሳስበኝ የጣናው ነው።

ሰላማዊት፦ መቅደሱስ? እዚያ መግባት የለም።

ይበልጣል፦ አይገባም። ቄስና ዲያቆን ብቻ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ መሐል ላይ ባዶ ይሆናል።

ሰላማዊት፦ አንዳንድ ባለሙያ ያንን እንደ ጉድለት ያየዋል።

ይበልጣል፦ እኔ አላየውም። ያ ባዶ ቦታ የሕንጻው ሥርዓት ነው። ጥቁር ሆኖ ይቅር።

ሰላማዊት፦ እኔ ደግሞ ጣና ላይ ያለውን የደሴት ገዳም፣ ክብራን ገብርኤልን ነው የማስበው። ሴት አትወርድበትም። ከጀልባ ላይ ዛፉን አይቼ ነው የምመለሰው። ሞዴሉ ቢሠራ ስልኬ ላይ ውስጡን ላየው እችላለሁ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ማየት እፈልጋለሁ። ግን ያለ መነኮሳቱ ፈቃድ አላየውም። እነሱ ይወስኑ፤ የትኛው ክፍል ለሕዝብ ይውጣ፣ የትኛው ዕቃ ቤት ይቀመጥ።

ይበልጣል፦ የእነሱ ነዋ! ፋይሉም እዚያው መቅረት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የሚባል ጀርመናዊ ምሁር የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም አንስቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ካታሎጉ የታተመው ግን ጀርመን ነው፣ በጀርመንኛ። የሕንጻው ልኬትም እንዲሁ ርቆ እንዲቀር አልፈልግም።

ሰላማዊት፦ ሃርድ ዲስክ ገዳም ውስጥ ስንት ዓመት ይቆያል ታዲያ? በዚያ እርጥበት!

ይበልጣል፦ ብዙ አይቆይም። ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፤ አንዱ ገዳሙ ዘንድ፣ አንዱ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ። የሕንጻው ፕላንና ቁመት ደግሞ በትልቅ ወረቀት ይታተም። ግድግዳ የሚመርገው ሰው ኮምፒውተር አይከፍትም። ወረቀቱን ግን ዘርግቶ፣ በየት በኩል እንዳበጠ በጣቱ ያሳይሻል።

ሰላማዊት፦ እዚያ የሚያድሱትን አነጋገርካቸው?

ይበልጣል፦ አንድ አባት አግኝቼ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመርጉ የኖሩ ናቸው። ስለ ሌዘሩ ብዙ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ለክታችሁ ስትሄዱ፣ መቼ ነው የምትመለሱት?»

ሰላማዊት፦ ምን አልካቸው?

ይበልጣል፦ ጥቅምት አልኳቸው። ግንቦት ላይ ፈቃዱ ከተገኘ ማለት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት ቅየሳ ያስተምራል፣ ከዚያ የሚመጡ ልጆች እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን ደብዳቤውን እንጻፍ።

ሰላማዊት፦ ሰኞ ጠዋት እንገናኝና እንጻፈው። እኔ ረቂቁን ይዤ እመጣለሁ።