ራሷን ሳትከናነብ የወጣችው ንግሥት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት ንግሥት ላወራችሁ ነው። ከሞተች አንድ ሺህ ዓመት አልፏታል። እኔ ግን ታሪኳን ከሰማሁ ጀምሮ ከልቤ አልወጣችም።

ቦታው ቻምባ ይባላል። ሰሜን ህንድ፣ ሂማቻል ፕራዴሽ ውስጥ ነው። ሂማላያ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን በረዶ ነው አይደል? ቻምባ ከተማ ግን ከፍታዋ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። በረዶው ከሩቅ ይታያል እንጂ እሷ ሞቃት ናት። ከሥሯ ራቪ ወንዝ እየጮኸ ያልፋል። ከወንዙ በላይ ቾጋን የሚሉት ረጅም የሣር ሜዳ አለ። ከሜዳው በላይ ደግሞ ቤቶቹ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ የቆሙ ይመስል ወደ ተራራው ይወጣሉ።

ፑንጃብ ተማሪ ሳለሁ የዶርም ጓደኛዬ ወደ ቤተሰቦቿ ይዛኝ ሄደች። የሚያዝያ መጀመሪያ ነበር። ከፓታንኮት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱ ሁሉ ጥምዝ ነው። ስንደርስ እግሬ መሬት መርገጡን አላመነም። እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። የመጀመሪያ ነገሯ ውሃ መስጠት ነበር፣ በናስ ኩባያ።

ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቻምባ ትንሽ ግዛት ነበረች፤ ግን ዕድሜዋ ረጅም ነው። ከላይ ህንድን የገዙት ሙጋሎች ሲመጡ፣ በኋላም እንግሊዞች ሲመጡ፣ ከሥር የራሷን ንጉሥ ይዛ ቆይታለች። ያ ያበቃው በ1948 ሚያዝያ ወር ከሂማቻል ፕራዴሽ ጋር ስትቀላቀል ነው። የመጀመሪያው ዋና ከተማ ወንዙን ይዞ ሽቅብ ሲወጡ የሚገኘው ባርሞር ነበር፤ ያኔ ብራህማፑራ ይባል ነበር። እዚያ ንጉሥ ሜሩ ቫርማን በ700 ገደማ ያሠራቸው የብረታ ብረት ሐውልቶች ዛሬም አሉ። ደስ ያለኝ ምን መሰላችሁ? ሐውልቶቹ ላይ የሠራተኛው ስም ተጽፏል። ጉጋ ይባላል። ላቡን ያፈሰሰው ሰው ከንጉሡ ጋር እኩል አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ኖረ።

ከዚያ በ920 ገደማ ሳሂል ቫርማን የሚባል ንጉሥ ዋና ከተማውን ወደ ታች አወረደው። አፈ ታሪኩ ምክንያቱን ለልጁ ይሰጣል። ልዕልት ቻምፓቫቲ ቦታውን ወደደችው፤ ከተማዋም በስሟ ተጠራች። መሬቱ ግን ብራህማኖች የሚባሉት የሂንዱ ካህናት ወገን ነበር። ንጉሡ አልቀማቸውም። በከተማዋ ሠርግ በተሠረገ ቁጥር ስምንት የመዳብ ሳንቲም እንዲከፈላቸው ተስማሙ። ይሄ ስምምነት በጣም ይገርመኛል። ሙሽሮች ሁሉ ለከተማዋ መሬት ኪራይ እንደሚከፍሉ አስቡት።

የልዕልቷ መጨረሻ ግን ያሳዝናል። አንድ ባሕታዊ ዘንድ እየሄደች ትማር ነበር ይላሉ። አባቷ ጠረጠራት። አንድ ቀን ሰይፉን ይዞ ተከተላት። ሲገባ ቤቱ ባዶ ነው። ባሕታዊውም የለም፣ ልጁም የለችም። አንድ ድምፅ ብቻ ሰማ፤ ስለ ጥርጣሬህ ልጅህ ተወሰደች የሚል። እዚያው ቦታ ላይ ቤተ መቅደስ አሠራላት። ዛሬም አለ።

አሁን ወደ ንግሥቲቱ።

ከተማዋ ተሠራች፤ ውሃ ግን አልነበራትም። ራቪ ከታች ነው፣ ገደል ወርዶ መቅዳት ነው። ንጉሡ ሳሮታ ከሚባል ጅረት ተራራውን እየዞረ የሚመጣ ቦይ አስቆፈረ። ቦይው አለቀ። ውሃው ግን እምቢ አለ። ካህናቱ የጅረቱ መንፈስ ተቀይሟል አሉ፤ ወይ ንግሥቲቱ ወይ ልጇ መሥዋዕት ካልሆኑ አይፈስም። በሌላ አተራረክ ንጉሡ ራሱ ነው ሕልም ያየው፤ ልጅህን ስጥ ተባለ። በሁለቱም ግን ንግሥቲቱ ናት «እኔ እሄዳለሁ» ያለችው።

ራሷን ሳትከናነብ፣ ደንገጡሮቿን አስከትላ ሽቅብ ወጣች። መንገድ ላይ አንድ ቦታ አረፍ አለች። ከዚያ ቦይው ከጅረቱ ወደሚነሳበት ደረሰች። ጉድጓድ ተቆፈረ። በሕይወቷ ቀበሯት። የመጨረሻው አፈር ሲመለስ ውሃው መፍሰስ ጀመረ።

አረፍ ያለችበት ቦታ ላይ ሱሂ የሚባል ትንሽ ቤተ መቅደስ አለ። ከከተማው ወደዚያ የሚወጣውን ረጅም የድንጋይ ደረጃ ያሠራችው ሌላ ንግሥት ናት፤ ከ1794 እስከ 1808 የነገሠው የጂት ሲንግ ሚስት፣ ሻርዳ። በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ በዓሏ ይከበራል። በልማዱ የሴቶችና የልጆች ብቻ በዓል ነው። እኛ የደረስነው በዚያ ሰሞን ነበር።

ደረጃውን ከጓደኛዬና ከእናቷ ጋር ወጣሁ። ቤተ መቅደሱ አጠገብ ጋዲ የሚባሉት የበግ አርቢዎች ሚስቶች ተቀምጠው ነበር። ወገባቸው ላይ ከሱፍ የተገመደ ረጅም ገመድ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሟል። ይዘፍኑ ነበር። ዘፈን ብዬ ነው እንጂ ለጆሮዬ ሙሾ ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ቃሉ አልገባኝም። ግን ለቅሶ ቤት ያደገ ሰው ድምፁን አይስተውም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ለሞተች ሴት ዛሬ እንደሞተች ያለቅሱላታል።

ጓደኛዬ እናቷን ጠየቀቻት። «እማ፣ ንጉሡስ? ለምን እሱ አልሄደም?» እናቷ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ልጄ፣ እኛም እናቶቻችንን ጠይቀናል» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

እኔም ይሄ ጥያቄ አለቀቀኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር የወረድኩት። ሚስትን በቁም ቀብሮ ከተማ ማጠጣት ምን የሚሉት ነገር ነው? ደግሞ የጽሑፉ ነገር አለ። ልጇ ዩጋካር ቫርማን በኋላ ነግሦ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የመሬት ስጦታ አስጽፏል። እናቱን ኔና ዴቪ ብሎ ያነሳታል። ሕዝቡም ሱናያና ወይም ናይና ይላታል፤ ስሙ ተቀራራቢ ነው። ታዲያ ሰሌዳው ስሟን ይዞ ሞቷን አይነግረንም። ሞቷን የያዙት ሴቶቹ ናቸው፣ በጉሮሯቸው።

በማግስቱ ሙዚየም ሄድን። በንጉሥ ቡሪ ሲንግ ስም የተጠራ ነው፣ በ1908 የተመሠረተ። ያገሬው ሰዎች ብዙ የሚያወሩት ስለ ቻምባ መሐረቦች ነው፤ በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ሆነው የሚጠለፉ፣ ጀርባና ፊት የሌላቸው። ያምራሉ። እኔን ግን ያስቆመኝ ድንጋይ ነው።

በዚያ አገር ድሮ ዘመድ ሲሞት ምንጭ ያሠሩለት ነበር። ምንጩ ላይ ትልቅ የተቀረጸ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያቆማሉ። መንገደኛ ጠጥቶ ጥሙ በቆረጠ ቁጥር ጽድቁ ለሟቹ ይሆናል። ቀርቤ አየሁት። ፈረሰኞች፣ የውሃ አምላክ፣ የሎተስ አበባ ተቀርጸውበታል። ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳም አለ። ጠርዙ የተሳለ አይደለም፣ ለስልሷል።

ከእነዚህ አንዱ ዴቪ ሪ ኮቲ ከሚባል መንደር ነው፤ ጽሑፉ የ1159 ገደማ። ስለ ባላ ይናገራል፤ የአንድ ባላባት ሚስት ነበረች። ባሏ ሲሞት አብራው ልትሞት ፈለገች። ሁለት ልጆቿና ሰዎቿ ያዟት፣ አይሆንም አሉ። ከዚያ በኋላ በጾም ሰውነቷን እያከሳች ለድሃ መስጠትን ግን እያበዛች ኖረች። ለባሏም ነፍስ ምንጭ አሠራች።

ይሄን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያው ተራራ፣ ያው ውሃ፣ ያው ሞት። እዚህ ግን ልጆች እናታቸውን ያዙ። የያዟትም ይመስገኑ። ሱናያናን የያዘ ሰው አልነበረም ወይ እላለሁ። እኔ በበኩሌ ሙሾው ይሄን ጥያቄ በየዓመቱ የሚጠይቅ ይመስለኛል። ሰዉ ለውሃው አመሰግናለሁ ይላል፤ ዜማው ግን የምስጋና አይደለም።

ውሃ ዋጋ ይጠይቃል የሚለው እምነት እዚያ ብዙ ቆይቷል። በሐምሌ መጨረሻ ሚንጃር የሚባል ትልቅ በዓል አላቸው። ሚንጃር የበቆሎ ጺም የሚመስል የሐር ክር ዘርፍ ነው። ሰዉ ልብሱ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ በመጨረሻ ራቪ ውስጥ ይጥሉታል። የመጀመሪያውን ሚንጃር በልማድ የሚያዘጋጀው የአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ነው፤ የሂንዱ በዓል ሆኖ ሳለ። በድሮው ሥርዓት ግን ጎሽም በሕይወቱ ወደ ወንዙ ይገፋ ነበር። ይሄ እስከ 1943 ቆይቷል። አሁን በኮኮናት ተተክቷል።

ከመመለሳችን በፊት የጓደኛዬ እናት እንደገና ወደ ሱሂ ይዛን ወጣች። ስንወርድ ደረጃው ግርጌ ላይ ቧንቧ አለ። ከፈተችው። በመዳፏ ቀድታ መጀመሪያ መሬት ላይ ጥቂት አፈሰሰች። ከዚያ ለልጇ ሰጠቻት። ከዚያ ለእኔ። ውሃው ጥርስ ያማል፣ እንዲያ ይቀዘቅዛል። እሷ ከእኛ በኋላ ጠጣች፣ ቧንቧውንም አጥብቃ ዘጋችው፤ ጠብታ እንዳይቀር ሁለት ጊዜ አየችው።