ቁጣው ትክክል ነው፤ ፍርዱ ግን የማን ነው?

በሕዝብ ቁጣ፣ በፍትሕና በበቀል ዙሪያ ባደረግነው የቀጥታ ስልክ ውይይት ላይ አድማጮች ያነሧቸው ጥያቄዎችና እንግዳችን የነበሩት የወንጀል ሕግ መምህር የሰጧቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል። በሰዓት ማነስ ምክንያት የተቋረጡት መልሶች እዚህ ተሟልተዋል። የደዋዮቹን ስም አልጠቀስንም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሰው እጅ ተገድሏል። ክሱ እየታየ ነው። ተከሳሹን ችሎት ውስጥ ባየሁት ቁጥር ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል፤ እንዲሞት እመኛለሁ። ዘመድ ወዳጅ ግን «ቂም አትያዝ፣ ይቅር በል» ይለኛል። ክፉ ሰው ሆኜ ነው?

ፈጣሪ ያጽናዎት። አይደሉም። ወንድሙ ተገድሎ ምንም የማይሰማው ሰው ቢኖር ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቁጣዎ የሚናገረው እውነት አለ፤ የሞተው ሰው ክቡር ነበር፣ የተደረገበትም መደረግ አልነበረበትም። ፍርድ ቤት የተቋቋመው ይህንኑ ቃል በሕዝብ ስም ለመናገር ነው። ስለዚህ ሐዘንተኛ እንባው ሳይደርቅ ይቅርታ እንዲያደርግ የሚያጣድፉ ሰዎች፣ ልባቸው ቀና ቢሆንም፣ በደል ላይ በደል እየጨመሩ ነው። ይቅርታ የተበዳዩ ነው። ሲፈልግ ይሰጠዋል፣ ካልፈለገ አይሰጠውም። ሕግ ይቅር እንዲሉ አያስገድድዎትም፤ የሚጠይቅዎት እጅዎን እንዲሰበስቡ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2011 በኖርዌይ አንድ ሰው በኦስሎ ቦምብ አፈንድቶ፣ ከዚያም ኡቶያ በተባለች ደሴት የወጣቶች ካምፕ ላይ ተኩስ ከፍቶ 77 ሰዎች ገደለ። በቀጣዩ ዓመት ችሎቱ ሲካሄድ የእያንዳንዱ ሟች የአስከሬን ምርመራ ውጤት ይነበባል፤ ቀጥሎ የሟቹ ፎቶግራፍ ይታያል፣ ስለ ሕይወቱም ጥቂት ቃላት ይነገራሉ። 77 ጊዜ። በአንዱ ቀን ወንድሙ የተገደለበት ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ «ወንድሜን ገደልከው» እያለ ጫማውን ወደ ተከሳሹ ወረወረ። ጫማው ተከሳሹን ስቶ ከተከላካይ ጠበቆቹ አንዷን መታ። ከታዳሚው ያጨበጨቡ ነበሩ። ሰውየውን እያለቀሰ አስወጡት፤ ችሎቱም ለአጭር ጊዜ ተቋርጦ ቀጠለ።

እኔ ያንን ሰው ለመውቀስ አንደበቱ የለኝም። ይሁን እንጂ ያ ችሎት ሟቾቹን ያከበረው ቁጣውን ሳያፍን ሥራውን በመቀጠሉ ይመስለኛል። ተከሳሹ 21 ዓመት ተፈረደበት፤ አደገኛ ሆኖ እስከታየ ድረስ እስራቱ ሊራዘም ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ከተበቀልኩ አንጀቴ ይርሳል» ብሎ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንን ፈትነውት ነበር። ገንዘብ በሚገኝበት የቡድን ጨዋታ ውስጥ ተሳታፊዎቹን አንድ ሰው እንዲከዳቸው አደረጉ፤ ለከፊሎቹ የመቅጣት ዕድል ሰጡ፣ ለሌሎቹ አልሰጡም። ቀጪዎቹ እፎይታ እናገኛለን ብለው ጠብቀው ነበር፤ የተገኘው ግን ካልቀጡት ይልቅ ስሜታቸው ከፍቶ ነው። ከቀጡ በኋላ ስለዚያ ሰው ማሰብ ማቆም አቃታቸው። ጨዋታ ከነፍስ ግድያ ጋር እንደማይተካከል አውቃለሁ። ግን «አንጀቴ ይርሳል» የሚለው ተስፋ እንደሚያታልል ሳልነግርዎ ብቀር ደስ አይለኝም።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ወንጀሉን ሁላችንም በስልካችን ላይ በቪዲዮ አይተናል። ሕዝብ ሁሉ አውቆ የጨረሰውን ነገር ፍርድ ቤት ምን ይጠብቃል? «ተጠርጣሪ» መባሉ ራሱ ያበሳጫል።

ይህን ጥያቄ ከሕግ ተማሪ መስማቴ ጥሩ ነው፤ ነገ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ የምትሆነው አንተ ነህና።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1974 በእንግሊዟ በርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 21 ሰዎች ሞቱ። አገሩ በቁጣ ነደደ፤ ፓርላማው በቀናት ውስጥ አዲስ የፀረ ሽብር ሕግ አወጣ። ፖሊስ ስድስት የሰሜን አየርላንድ ተወላጆችን ያዘ። አራቱ የእምነት ቃል ፈረሙ፤ በአንዳንዶቹ እጅ ላይ የፈንጂ ንክኪ ተገኝቷል የሚል የምርመራ ውጤትም ቀረበ። በዚያ ሳምንት ማንንም መንገደኛ አስቁመህ «እነዚህ ሰዎች አድርገውታል?» ብትለው «ምኑ ያጠራጥራል?» ይልህ ነበር። በ1975 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ሰዎቹ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ተደብድበን ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የእምነት ቃሉም ሆነ የፈንጂ ምርመራው የሚታመን አይደለም ብሎ ፍርዱን ሻረው። 16 ዓመት አልፎ ነበር። በሕይወት የወጡትም በእንግሊዝ ለነፍስ ግድያ ይሰጥ የነበረው የሞት ቅጣት ከዚያ ቀደም ብሎ ስለቀረ ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን የ21ዱ ሟቾች ቤተሰቦች ነገር ነው። ለግድያው በእውነት ተጠያቂ የሆነ ሰው ሲፈረድበት ሳያዩ ቀርተዋል። ሕዝቡ ተቆጥቶ የተሳሳተ ሰው ሲይዝ እውነተኛው ገዳይ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ቪዲዮን በተመለከተ፦ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን ከመቀረጹ በፊት የሆነውን አያሳይም፤ ማን እንደላከው፣ ማን እንደከፈለው፣ የአእምሮ ጤንነቱ ምን እንደሆነ አይናገርም። የላኪው ነገር ብዙ ጊዜ ከእጅ አድራጊው ይበልጣል። አንድን ሰው መንገድ ላይ ደብድበው የገደሉ ሰዎች የላኪውን ስም አብረው ቀብረውታል። ማስረጃው እንዳልከው ግልጽ ከሆነ ደግሞ ችሎቱ አጭር ይሆናል፤ ምን ያስፈራል?

እኔ ፍትሕን ከበቀል የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ፍርድ የሚሰጠው አካል «ይህ ሰው አይደለም» ብሎ መልቀቅ ይችላል ወይ? የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በጣም ዘግይቶ፣ በብዙ ውትወታ፣ ግን ችሏል። የተቆጣ ሕዝብ አይችልም። ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው ድንጋዩን ይዞ እንዲመለስ የሚያደርግ ሥርዓት የለውም። «ተጠርጣሪ» የሚለው ቃል የሚጠብቀው ወንጀለኛውን አይምሰልህ፤ ነገ በስህተት የምትያዘውን አንተን ነው።

ጥያቄ፦ በሕግ ተፈርዶበት እንኳን «ከባድ ቅጣት ይገባዋል» ማለት በቀል ነው?

አይደለም። ከባድ ቅጣትና በቀል አንድ አይደሉም። እኔ የሞት ቅጣትን እቃወማለሁ፤ የሚደግፈውን ሰው ግን በዚያ ብቻ በቀለኛ አልለውም። የምጠይቀው ቅጣቱ ልክ አለው ወይ፣ ነገ የእኔ ዘመድ ተመሳሳይ ጥፋት ቢያጠፋ ይኸው ይፈረድበታል ወይ፣ ከአጥፊው አልፎ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል ወይ የሚለውን ነው።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ከ3,700 ዓመታት በፊት የወጣው የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ «ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ» በሚለው ይታወቃል። ይህ ጭካኔ ይመስላል፤ በአንድ ዓይን ምክንያት ቤተሰብ በሚተላለቅበት ዓለም ግን ገደብ ነበር። ለአንድ ዓይን አንድ ዓይን እንጂ ነፍስ አይደለም ማለት ነው። ይሁንና በዚያው ሕግ አንድ ግንበኛ የሠራው ቤት ተደርምሶ የባለቤቱን ልጅ ከገደለ የሚገደለው የግንበኛው ልጅ ነበር። ምንም ያላደረገው ልጅ። ዛሬ ይህን ስንሰማ ይዘገንነናል፤ ግን አንድ ሰው ሲያጠፋ ቁጣችን ወደ ቋንቋው ተናጋሪ፣ ወደ እምነቱ ተከታይ፣ ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ በሄደ ቁጥር የግንበኛውን ልጅ እየገደልን ነው።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት ሁልጊዜ ቀጠሮ በቀጠሮ ነው። ገንዘብ ያለው ይወጣል። የደቦ ፍርድ ቢያንስ ሌባን ያስፈራል።

ምሬትዎ ይገባኛል፤ ትክክለኛ ምሬት ነው። በቀልን የሚወልደው ብዙውን ጊዜ ክፋት አይደለም፤ የተንጓተተ መዝገብ ነው። ጣሊያናዊው የሕግ ፈላስፋ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 እንደጻፈው ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን አይቀሬነቱና ፈጣንነቱ ነው። ስለዚህ መዝገብ የሚያንጓትት ዳኛና ጉቦ የሚቀበል መርማሪ ለደቦ ፍርዱ ተጠያቂ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል በማለሳለስ አይደለም።

ግን እስቲ አብረን እንመልከት፤ የደቦ ፍርድ የሚይዘው ማንን ነው? ሚሊዮን የመዘበረውን ባለሥልጣን መንገድ ላይ ይዞ የደበደበ ሕዝብ አይተዋል? እሱ አጃቢ አለው። በመንጋ የሚደበደበው ኪስ የገባ ልጅ ነው፣ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነ መንገደኛ ነው፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሕፃናት የሚሰርቁ ሰዎች ገብተዋል» የሚል ወሬ በዋትስአፕ ተሰራጭቶ በየቦታው ሰዎች በመንጋ ተገደሉ። ኩባንያው በሕንድ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ለሚሆኑ ተቀባዮች እንዳይተላለፍ የገደበው በዚያን ጊዜ ነው። «ሌባን ያስፈራል» የተባለው ነገር ያስፈራው መንገደኛን ነው።

ፍርድ ቤት በእውነት የማይችለው ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ የሩዋንዳ እስር ቤቶች ከ100,000 በላይ ሰዎች አጨናንቀው ይዘው ነበር፤ በመደበኛው ፍርድ ቤት ቢታይ የሰው ዕድሜ አይበቃውም። አገሪቱ ጋቻቻ የተባለውን የማኅበረሰብ ችሎት አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘጋ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ ተመልክቷል። ተከሳሾች ጠበቃ አልነበራቸውም፤ የሐሰት ምስክርነት ነበር፤ አሸናፊው ጦር የፈጸማቸው ግድያዎችም ለዚያ ችሎት አልቀረቡም። እነዚህ ትልልቅ ጉድለቶች ናቸው። ሆኖም ከሳሽ ይናገራል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ በነጻ የሚለቀቅም ነበር። የፍርድ ቤት እጥረት ሲያጋጥም መልሱ ሌላ ችሎት መፍጠር እንጂ ችሎት መተው እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

እርስዎ ነገ ጠዋት ምን ያድርጉ? የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ። በቀጠሮው ቀን ሰዎች ይዘው ችሎት ይገኙ፤ ግልጽ ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ዳኛም በሰው ፊት ሲሠራ ይጠነቀቃል። ቀጠሮው ሲራዘም ምክንያቱን ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙት። አቤቱታ ሲያቀርቡ «ፍትሕ የለም» ከሚለው ይልቅ «ይህ መዝገብ በዚህ ምክንያት ይህን ያህል ጊዜ ተራዝሟል» የሚለው ወረቀት ባለሥልጣንን ያስጨንቀዋል።

ጥያቄ፦ ሕዝብ ያስለቀሰ አምባገነን ሲወድቅስ? እሱን ለፍርድ ማቅረብ ጊዜ ማባከን አይሆንም?

ሮማኒያ እንዲህ አስባ ነበር። በሕዝብ አብዮት የወደቀው መሪዋ ኒኮላይ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1989 በአንድ የጦር ሰፈር ውስጥ ከባለቤቱ ጋር ለፍርድ ቀረበ። ችሎቱ አንድ ሰዓት ያህል ነበር፤ ተከላካይ የተባሉት ጠበቆች ራሳቸው ይከሱት ነበር፤ ከፍርዱ በኋላ ወዲያው ተረሸኑ። ብዙ ሰው ተደሰተ፤ ደስታውም ይገባኛል። በዚያ አብዮት ግን ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ የሞቱት እሱ ከሥልጣን ሸሽቶ ከሄደ በኋላ ነው። ማን ተኮሰ? ማን አዘዘ? የሟቾች ቤተሰቦች ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይህንኑ ሲጠይቁ ነበር። ብዙ ሊናገር ይችል የነበረው ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ዝም እንዲል ተደርጓል። በጣም የሚገርመው፣ ሮማኒያ የሞት ቅጣትን የሰረዘችው ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ ጀርመን መሪዎች የተዳኙበትን የኑረምበርግ ችሎት ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ከአሸናፊዎቹ መሪዎች መካከል የናዚ ሹማምንትን ያለ ፍርድ መረሸን የፈለጉ ነበሩ፤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል አንዱ ነበር። በመጨረሻ ችሎት ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ1946 ከ22ቱ ተከሳሾች 12ቱ ሞት ተፈረደባቸው፣ ሰባቱ ታሰሩ፣ ሦስቱ በነጻ ተለቀቁ። የአሸናፊዎች ችሎት ነበር የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፤ የሶቪየት ዳኛ የራሱን አገር ወንጀል አላየም። ቢሆንም እነዚያ ሦስት ነጻ የወጡ ሰዎች ለቀሩት 19 ፍርዶች ክብደት የሰጡ ይመስለኛል። ናዚዎች የራሳቸውን ሰነድና ፊርማ ይዘው ስለተከሰሱም የሆነውን ነገር መካድ እጅግ ከባድ ሆኗል።

ጥያቄ፦ አንድን ሰው «ደፋሪ ነው» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው አይቼ ተናድጄ አጋራሁት። በኋላ ሌላ ሰው መሆኑ ተነገረ። አጠፋሁት። ሌላ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ መጠየቅሽ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ማጥፋት ግን አይበቃም፤ ካንቺ ወስደው ያጋሩት ሰዎች ዘንድ ጽሑፉ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቦስተኑ የማራቶን ፍንዳታ በኋላ በኢንተርኔት ላይ ሰዎች ፎቶ እያስተያዩ ከቤቱ የጠፋን አንድ ተማሪ «እሱ ነው» አሉ። ልጃቸውን ሲፈልጉ የነበሩት ቤተሰቦች ላይ የስድብና የማስፈራሪያ መልእክት ዘነበ። ልጁ በፍንዳታው ምንም እጅ አልነበረውም፤ በኋላም አስከሬኑ ከወንዝ ተገኘ። ስድቡን ከጻፉት ሰዎች ብዙዎቹ አንዲት መልእክት ብቻ የጻፉ ይመስለኛል።

ስለዚህ እርማቱን በዚያው ገጽሽ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፊ፤ «ያጋራሁት መረጃ ስህተት ነው፣ ሰውየው አይደለም» ብለሽ በግልጽ። በቡድን ልከሽው ከነበረ ወደዚያው ቡድን ላኪው። ሰውየው ጋር የሚያደርስ ሰው ካለ ይቅርታ ጠይቂው፤ ክስ ይመጣል ብለሽ ከሰጋሽ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሪ። ስለ ወንጀሉ በእውነት የምታውቂው ነገር ካለ ለመርማሪ ፖሊስ ስጪ። የተበደለችው ልጅ ስም ባጋራሽው ጽሑፍ ውስጥ ከነበረ ደግሞ እርማቱን ስትጽፊ አትድገሚው፤ እሷን ማንም ፈቃድ አልጠየቃትም።