የፓፑዋ ቋንቋዎች ዝምድና እንዴት ይቆጠራል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ ኒው ጊኒ ነን፣ ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለችው ትልቅ ደሴት። ምሥራቋ ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ምዕራቧ ኢንዶኔዥያ። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ብቻዋን ከ800 በላይ ቋንቋ አላት። ስምንት መቶ! እኛ ሰማንያ ምናምን ይዘን ስንኩራራ።

«የፓፑዋ ቋንቋዎች» ሲባል ግን አንድ ቤተሰብ እንዳይመስላችሁ። በአካባቢው አውስትሮኔዥያዊ (እነ ማላይኛ ያሉበት ሌላ ትልቅ የቋንቋ ቤተሰብ) ያልሆነው ሁሉ የተከተተበት ስም ነው። «ሌሎች» እንደማለት።

ታዲያ ማን የማን ዘመድ ነው? አገር ቤት ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል? «የአባቱ አባት ማን ነው? የእናቷስ እናት?» ሁሉም ተስማምቶ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ አንዲት አክስት ከጓዳ ብቅ ትልና «ኧረ እነዚህማ በአያታቸው ይገናኛሉ!» ትላለች። አለቀ፣ ሰርግ የለም። አክስቲቱ ግን ጋቢያቸው ስለተመሳሰለ ዘመድ ናቸው አትልም። ጋቢ ይዋሳላ! ቃልም ይዋሳል። ኒው ጊኒ ላይ ደግሞ ቆጠራው ሺህ ዓመታት ወደኋላ ነው፤ የድሮ ጽሑፍ የለም፣ አክስቲቱም የለችም።

ስለዚህ የቋንቋ ተመራማሪው ማልኮም ሮስ በ2005 ተውላጠ ስሞችን ይዞ መጣ። «እኔ» እና «አንተ» እንደ ዕቃ ስም በቀላሉ አይዋሱም። «ና» ለእኔ፣ «ጋ» ለአንተ፤ የዚህ ዓይነት ጥንድ ያላቸውን ትራንስ ኒው ጊኒ በሚባለው ቤተሰብ ሰበሰባቸው። ጥንዱ ግን ቁርጥ አንድ መሆን የለበትም፤ ድምፅ በጊዜ ብዛት ይለወጣል፣ ግን በዘፈቀደ ሳይሆን በሥርዓት፤ በአንዱ ቃል የተለወጠው በሌሎቹም ቃላት እንዲሁ ይለወጣል። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አያለሁ!

ኮሜንት ላይ ደጋግማችሁ «መልካቸው አፍሪካዊ ነው፣ ቋንቋቸውም የእኛ ዘመድ ነው» ትላላችሁ። ኧረ በናታችሁ! መልክ ሌላ፣ ቋንቋ ሌላ። አማርኛ ከዕብራይስጥ ጋር ይዛመዳል፤ እዚሁ ጋምቤላ ያለው ኑዌርኛ ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። ታዲያ መልክ ምን ነገረን? ምንም። የቋንቋ ተመራማሪው ጆሴፍ ግሪንበርግም በ1971 የፓፑዋ ቋንቋዎችን ከአንዳማንና ከታዝማኒያ ደሴቶች ቋንቋዎች ጋር አንድ ቤተሰብ አድርጎ ነበር፤ አብዛኞቹ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም። እኔም አልገዛውም።

የኔ ምርጥ ግን ታምቦራ የሚባለው ቋንቋ ነው። ከኒው ጊኒ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ሱምባዋ ደሴት ላይ ይነገር ነበር። በ1815 እዚያው ያለው የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ቋንቋው ከነተናጋሪዎቹ ጠፋ። የተረፈው ያኔ ጃቫን ያስተዳድር የነበረው እንግሊዛዊ ራፍልስ በ1817 ያሳተመው አጭር የቃላት ዝርዝር ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ማርክ ዶናሁ በ2007 ዝርዝሩን መርምሮ «ይሄ ፓፑዋዊ ነው» አለ። ከየትኛው ቤተሰብ? አንድ ቃል እንኳ ጨምሮ የሚነግረን ሰው የለም።

በሚቀጥለው ኩኦትን እናያለን፤ ኒው አየርላንድ ደሴት ላይ አውስትሮኔዥያዊ ያልሆነው ብቸኛ ቋንቋ። ላይክ እንዳትረሱ፣ ቻው!