አዲስ የካርታ ጨዋታ ስንፈጥር፦ ከስሜቱ ወደ ሕጉ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ባዶ ካርታዎችና እስክሪብቶ]

አዲስ የካርታ ጨዋታ ልፍጠር ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሕጉ ይጀምራል። ስንት ካርታ ይታደል? ማን ይጀምር? ነጥቡስ እንዴት ይያዝ? እኛ ዛሬ ከሌላኛው ጫፍ እንነሳ። ተጫዋቾቹ ምን እንዲሰማቸው ነው የምትፈልጉት?

«እንዲዝናኑ» ካላችሁ ገና አልመለሳችሁም። በሳቅ መፍረስም፣ ልብ ተንጠልጥሎ መጠበቅም መዝናናት ነው። አንዱን ምረጡ።

«ሃናቢ» የተባለውን ጨዋታ እዩ። ካርታችሁን ፊቱን ወደ ሌሎቹ አዙራችሁ ትይዛላችሁ። የሁሉም ይታያችኋል፣ የራሳችሁ ብቻ አይታያችሁም። በዚህ አንድ ሕግ የተነሳ ጓደኞቻችሁን ከማመን ሌላ ምርጫ የላችሁም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2013 በጀርመን የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸልሟል።

[ምስል፦ አንድ ተጫዋች ሁለት ካርታ ደፍቶ ሲያስቀምጥ]

እኛ ደግሞ ጥርጣሬን እንምረጥ። ተራ የደረሰው ሰው ካርታ ደፍቶ ያስቀምጥና «ሁለት ሰባት» ይላል። ቀጣዩ ተጫዋች ካላመነው «ውሸት!» ይላል። ካርታው ይገለጣል፤ የተሸነፈው ክምሩን ያነሳል።

አሁን እጃችሁ ላይ ሦስት ሰባት አለ እንበል። በ52ቱ ካርታ ውስጥ ያለው ሰባት 4 ብቻ ስለሆነ ሰውየው ሁለት ሊኖረው አይችልም። ይሄ ስሌት ነው፣ ጥርጣሬ የለበትም። ሁለት ጥቅል ቀላቅላችሁ 104 አድርጉት። ሰባት 8 ይሆናል፤ ከእናንተ እጅ ውጭ አምስት ይቀራል። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ያኔ የሰውየውን ፊት ማየት ትጀምራላችሁ። (አልፎ አልፎ እርግጠኛ መሆንም ደስ ስለሚል፣ እኔ ብሆን ከ104 በላይ አልጨምርም።)

ቅጣቱም እንደዚሁ ነው። ተሸናፊው አንድ ካርታ ብቻ የሚያነሳ ከሆነ ሁሉም በየተራው «ውሸት!» እያለ ይጮሃል፤ ምን ያጣል? ክምሩን በሙሉ የሚያነሳ ከሆነ ግን መጀመሪያ ላይ መድፈር ቀላል ነው፣ ክምሩ ባደገ ቁጥር ግን ያስፈራል። ሌላ ሕግ ሳንጨምር ጨዋታው በራሱ እየከረረ ይሄዳል።

«የሌላውን እጅ አሳየኝ» የሚል ልዩ ካርታ አማራችሁ? ሐሳቡ አሪፍ ነው፤ ግን ጥርጣሬውን ይገድላል። ይቅር።

[ምስል፦ የተጫዋቾች ዓይን በቅርበት]

አሁን ሞክሩት፤ ወረቀት ቆርጣችሁም ይሆናል። ስትጨርሱ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል፣ «አሪፍ ነው» ብሎ ይገላገላችኋል። ይልቅ ዓይናቸውን ተከታተሉ። የራሳቸው ካርታ ላይ ተተክለው ከቀሩ ገና ስሌት ላይ ናቸው። እርስ በርስ እየተያዩ ከሆነ ጥርጣሬው ሠርቷል። ተራ ሲጠብቅ ስልኩን የሚያወጣ ካለ ደግሞ፣ «ውሸት!» ማለት የሚችለው ቀጣዩ ተጫዋች ብቻ መሆኑ ይቅርና ማንም በማንም ተራ እንዲል ፍቀዱ።