«ልጄ ረዳት አሰልጣኝ ልሁን አለኝ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልኩን ያጨናነቀው ጉዳይ አንድ ነው። እዚህ አሜሪካ በኮሌጅ ቤዝቦል የተጫወቱ ልጆቻችን ጨዋታው ሲያበቃ ወደ ረዳት አሰልጣኝነት እየገቡ ነው። ወላጆች ግራ ተጋብተዋል፤ ልጆቹም ምክር ይፈልጋሉ። በአየር ላይ ሰዓት ስላጠረን መልሶቹን ሰፋ አድርጌ ጽፌያቸዋለሁ። ቀኖቹ፣ ወራቱና ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ልጄ አራት ዓመት ተጫውቶ በአካውንቲንግ ተመረቀ። አሁን እዚያው ኮሌጁ ረዳት አሰልጣኝ ልሁን ይላል። ለመሆኑ ረዳት አሰልጣኝ ምን ይሠራል? ኳስ ማቀበል ነው?

እህቴ፣ ቢጠይቁ አይፈረድብዎትም። እኛ ከመቀመጫችን የምናየው ሜዳ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። ዋናው ሥራ ግን ጨዋታው ሳይጀመር የሚሠራው ነው።

ረዳቶች ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ ፒቸሮችን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪዎቹን ይይዛል። ሌላው መቺዎቹን ያሠለጥናል። አዲስ ተጫዋች የሚመለምለውም አብዛኛውን ጊዜ ከረዳቶቹ አንዱ ነው።

የፒቸሮቹን አሰልጣኝ ልንገርዎት፤ ሥራው ከሁሉም ይከብዳል ብዬ አምናለሁ። ትናንት ማን ስንት ኳስ ወረወረ? ዛሬ የማን ክንድ ማረፍ አለበት? ይህን በስህተት የያዘ አሰልጣኝ የልጅ ክርን ያስቀድዳል። በዚያ ላይ በኮሌጅ ቤዝቦል ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር ብዙ ጊዜ የሚወስነው እሱ ነው። ድሮ ከዳጋውት፣ ማለትም ሜዳ ዳር ካለው የቡድኑ መቀመጫ፣ ሆኖ በእጅ ምልክት ይናገር ነበር። ከ2022 ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለካቸሩ፣ ማለትም ኳሱን ለሚቀበለው ተጫዋች፣ መላክ ተፈቅዷል። ትክክለኛውን ኳስ ለመምረጥ ደግሞ የተጋጣሚን መቺዎች አንድ በአንድ ማጥናት አለበት። ዝቅ ያለ ኳስ የሚያስቸግረው የቱ ነው? የመጀመሪያዋን ኳስ ሳይመታ የማያልፈውስ? ይህ ሁሉ ማታ ማታ ቪዲዮ ፊት ተቀምጦ የሚለቀም ነው።

የልጅዎ አካውንቲንግም እዚህ ጋ ሥራ ያገኛል። ዛሬ የኳሱ ፍጥነትና ሽክርክሪት፣ ከዱላው ተመቶ ሲወጣ ያለው ፍጥነትና የመውጫ አቅጣጫው በራዳርና በካሜራ ይለካል። ቁጥሩ ይጎርፋል። ቁጥሩን አንብቦ ለአንድ የ19 ዓመት ልጅ በሁለት ቀላል ዓረፍተ ነገር የሚያስረዳ ሰው ግን እንደልብ አይገኝም።

በዲቪዥን አንድ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ መደበኛው ውድድር እስከ 56 ጨዋታ አለው። በየካቲት አጋማሽ ተጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ የበቃው ቡድን ደግሞ ለሀገሪቱ ዋንጫ በሰኔ ኦማሃ ከተማ ይገባል። በትናንሽ ኮሌጆች ረዳቱ ሜዳም ይደለድላል፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራ ያለብሳል፣ ሚኒባስም ይነዳል። ድካሙን አልደብቅዎትም። ግን ማስተማር ነው፤ አስተማሪነትን ደግሞ በእኛ ቤት ማንም አይንቅም።

ጥያቄ (ወጣት፣ ከአሌክሳንድሪያ)፦ ዋናው አሰልጣኝ «የመጀመሪያውን ዓመት በነፃ ሥራ፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። ልግባበት?

ወንድሜ፣ ቆም በል። መጀመሪያ የዚህን «በነፃ» ታሪክ እወቅ።

ለብዙ ዓመታት የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ለአንድ የዲቪዥን አንድ ቤዝቦል ቡድን የሚፈቅደው አንድ ዋና አሰልጣኝ፣ ሁለት ደመወዝተኛ ረዳትና አንድ «በጎ ፈቃደኛ» ረዳት ብቻ ነበር። ይህ በጎ ፈቃደኛ በሙሉ ሰዓት ይሠራል፣ ደመወዝ ግን በደንብ ተከልክሏል። ለምልመላ ከግቢ መውጣትም አይችልም። ኑሮውን የሚገፋው በበጋ የልጆች ካምፕና በግል ትምህርት ነበር። ሚሊዮኖችን የሚከፈለው ዋና አሰልጣኝ አጠገብ ምንም የማይከፈለው ሰው ቆሞ አንድ ዓይነት ማልያ ለብሶ ሲሠራ ማየት ያማል። እኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በ2022 መጨረሻ በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ በበጎ ፈቃደኝነት የሠራው ቴይለር ስማርት ከአንድ የአትሌቲክስ አሰልጣኝ ጋር ሆኖ ማኅበሩን ከሰሰ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ኮሌጆች ተስማምተው የአንድን ሙያተኛ ዋጋ ዜሮ ማድረግ አይችሉም። ክሱ ከቀረበ ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 2023፣ ማኅበሩ ደንቡን ለመለወጥ ወሰነ። ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የበጎ ፈቃደኛ ቦታ ቀርቶ ቡድኖች ሦስተኛ ደመወዝተኛ ረዳት እንዲይዙ ተፈቀደ። የቤዝቦሎቹ ክስም ቆይቶ በ49.25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ።

ስለዚህ በዲቪዥን አንድ «በነፃ ግባና እናያለን» የሚልህ ሰው ካለ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ምን እንደሚል በጽሑፍ ጠይቅ። በዲቪዥን ሁለት፣ ሦስትና በትናንሾቹ ማኅበራት ያለው ሁኔታ ይለያል። እዚያ የተለመደው የተመራቂ ረዳትነት ነው። እየሠራህ የማስተርስ ክፍያህ ይሸፈንልሃል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብም አለው። ይህን ከሰጡህ እኔ ብሆን ተቀበል እልሃለሁ። ዲግሪው ያንተ ሆኖ ይቀራልና።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ፤ ብዙ ልጆች አያውቁትም። 26 ዓመት እስኪሞላህ በወላጆችህ የጤና ኢንሹራንስ ውስጥ መቆየት ትችላለህ። የፌዴራል የትምህርት ብድር ካለብህ ደግሞ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወይም ትርፍ በማይሠራ ኮሌጅ በሙሉ ሰዓት መቀጠር ይጠቅምሃል። ብቁ የሆኑ 120 ወርሃዊ ክፍያዎች ከከፈልክ በኋላ ቀሪው ብድር ሊሰረዝልህ የሚችልበት ሕግ አለ። ይሄ ግን ተቀጣሪ ስትሆን ነው። በነፃ ያገለገልክበት ዓመት አይቆጠርልህም።

ጥያቄ (አባት፣ ከሚኒያፖሊስ)፦ ጎበዝ ተጫዋች ከነበረ ለምን ፕሮፌሽናል አልሆነም? አሰልጣኝነት የተሸናፊ ሥራ አይደለም ወይ?

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። በሩ ጠብቧል። የሜጀር ሊግ ቤዝቦል፣ ማለትም የከፍተኛው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት) እስከ 2019 ድረስ 40 ዙር ነበረው። በ2020 በኮሮና ምክንያት ወደ 5 ወረደ፣ ከ2021 ጀምሮ 20 ዙር ሆኗል። በዚያው በ2021 ከሜጀር ሊግ ቡድኖች ጋር የተያያዙት የታችኛው ሊግ ክለቦች ወደ 120 ተቀነሱ። ዛሬ በኮሌጅ የሚቀሩት ልጆች ድሮ ቢሆን ውል ይፈርሙ ከነበሩት ብዙም አያንሱም።

ተሸናፊ የሚለውን ደግሞ ቶኒ ቪቴሎን አይተው ይፍረዱ። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ አንድም ቀን ፕሮፌሽናል አልተጫወተም። እዚያው ረዳት ሆነ፤ በኋላ ዝናው የገነነው ማክስ ሸርዘር በእሱ እጅ ካለፉት ፒቸሮች አንዱ ነው። ከዚያ በቲሲዩ (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ) እና በአርካንሳስም ረዳት ነበር። በ2017 የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ በ2024 የሀገሪቱን ዋንጫ አነሳ። በጥቅምት 2025 የሜጀር ሊጉ ክለብ የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ዋና አሰልጣኝ ተባለ። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኝ ቲም ኮርቢንም በኦሃዮ ዌስሊያን፣ በትንሽ ኮሌጅ የተጫወተ ነው። በክሌምሰን ለዓመታት ረዳት ሆኖ ሠርቶ፣ በ2014ና በ2019 ሁለት ዋንጫ ወስዷል። ሁሉም እዚህ ይደርሳል አልልዎትም፤ አይደርስም። መንገዱ ግን በረዳትነት ነው የሚያልፈው።

ጥያቄ (ወጣት ሴት፣ ከሲያትል)፦ እኔ የተጫወትኩት ሶፍትቦል ነው። የወንዶች ቤዝቦል ውስጥ ለአሰልጣኝነት ቦታ አለኝ?

አለሽ። አሊሳ ናከን በሳክራመንቶ ስቴት ሶፍትቦል ተጫውታ፣ በ2020 ጃያንትስ ረዳት አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠራት። በሜጀር ሊግ በሙሉ ሰዓት የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት አሰልጣኝ ናት። በሚያዝያ 12 ቀን 2022 ደግሞ በመደበኛ ጨዋታ መሀል ሜዳ ገብታ የመጀመሪያው ቤዝ አጠገብ በአሰልጣኝነት ቆመች፤ ይህንንም ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እዚያ ከመድረሷ በፊት ግን በክለቡ ቢሮ ለዓመታት ሠርታለች። አንቺም በመረጃ ትንተና ወይም በቪዲዮ ክፍል በኩል መግባትን አትናቂው።

ጥያቄ (አባት፣ ከአትላንታ)፦ ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው። አንድ የኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝ ግጥሚያው ላይ አይቶት ነበር፣ ግን አልደወለም። ተስፋ እንቁረጥ?

በፍጹም። የዲቪዥን አንድ አሰልጣኞች ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ካለው ነሐሴ 1 ቀን ቀድመው ስለ ምልመላ ሊያናግሩት አይችሉም። ዝም ያለው በደንቡ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ውጤቱን ያጠንክር።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከዳላስ)፦ ክርኔን ኦፕራሲዮን ሆኜ ዘንድሮ አልጫወትም። ወደፊት አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ። ከአሁኑ ምን ልሥራ?

እግዜር ይማርህ። ዳጋውት ውስጥ የፒቸሮች አሰልጣኝህ አጠገብ ተቀመጥ፣ እያንዳንዷን ኳስ መዝግብ። ምን ተወረወረ፣ የት አረፈ፣ መቺው ምን አደረገ? ከእያንዳንዷ ኳስ በፊት አንተ ብትሆን ምን እንደምታዝዝ በልብህ ወስንና ከአሰልጣኙ ምርጫ ጋር አስተያየው። ሲለያይ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ለምን እንደሆነ ጠይቀው። ጨዋታው እየሄደ ግን አትጠይቅ።

በበጋ የኮሌጅ ተጫዋቾች የሚሰበሰቡባቸው ሊጎች አሉ፤ ኬፕ ኮድና ኖርዝዉድስ ይታወቃሉ። እዚያም ረዳት ይፈለጋል፣ ከየኮሌጁ ከመጡ አሰልጣኞችም ጋር ትተዋወቃለህ። ስትመረቅ ደግሞ በየዓመቱ በጥር የሚደረገው የአሜሪካ ቤዝቦል አሰልጣኞች ማኅበር ጉባኤ አያምልጥህ። ብዙ ሥራ የሚገኘው እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሞ በማውራት ነው። የመዘገብከውን ደብተር ይዘህ ሂድ፤ «ምን ታውቃለህ?» ሲሉህ ገልጠህ ታሳያቸዋለህ።