ከማራቶኑ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ለብዙ ሳምንት ጠፍቻለሁ፣ ይቅርታ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ቤተሰቡ ተኝቷል፤ እኔ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ነው የማወራችሁ። ጠዋት 32 ኪሎ ሜትር ሮጫለሁ፣ ጭኔ አሁንም ይነዝረኛል።

አዎ፣ ማራቶን ልሮጥ ነው። የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የዛሬው ከውድድሩ በፊት የመጨረሻው ረጅም ሩጫ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ኪሎ ሜትሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ እግር እንዲያገግም።

ዓመቱ ሲጀመር "ዘንድሮ እሮጣለሁ" ብዬ ነበር። ይኸው ዘንድሮ ሊያልቅ ነው። የት ገባ? ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ይሄንን ነው።

ቁም ሳጥኔ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌያለሁ። 18 ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን ሩጫ። የሮጥኩበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ። ወረቀቱ ላይ ሳምንቶቹ የተቆጠሩት ወደ ኋላ ነው፤ 18፣ 17፣ 16 እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። በኋላ ግን እኔም እንደ ወረቀቱ መቁጠር ጀመርኩ። ሰው "ዛሬ ስንት ነው?" ሲለኝ ቀኑ አይመጣልኝም። "ዘጠኝ ሳምንት የቀረው" ነው የሚመጣልኝ።

መሐል ላይ ተጎድቼም ነበር። ቅልጥሜን፣ ፊት ለፊት አጥንቱ ላይ፤ ስረግጥ እንደ መርፌ ይወጋኛል። የጀማሪ ጥፋት ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ። ትንፋሽህ ተስተካክሎ "አሁንማ እችላለሁ" ትላለህ። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። እኔ ትንፋሼን አምኜ ኪሎ ሜትሩን በአንዴ ጨመርኩ፣ ቅልጥሜ እምቢ አለ። ሙሉ በሙሉ አቆምኩ። ስመለስ አዲስ ወረቀት አተምኩና ከ18 ጀመርኩ። ዓመቱ ግን እኔን አልጠበቀም።

ያኔ ተኝቼ ስለ አበበ ቢቂላ ሳስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲያሸንፍ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። በዚያ ላይ የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። እኔ ለቅልጥም ስንት ቀን አዘንኩ! ማነጻጸሬ አይደለም፣ እሱ እሱ ነው። ግን ደስ ይል ነበር እሱን ማሰብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በዚህ ዓመት አንድ አባባል አፌ ላይ ተጣበቀ። "ከማራቶኑ በኋላ።" አክስቴ የዓይን ሕክምና አድርጋ ነበር። "መጥቼ አያታለሁ፣ ከማራቶኑ በኋላ።" ጥርሴ ያመኛል፣ ከማራቶኑ በኋላ። የድሮ ጓደኛዬ በተደጋጋሚ ደወለ፣ ልንገናኝ ነበር። "ወንድሜ፣ ከማራቶኑ በኋላ በሰፊው እናወራለን።" ይህ ፖድካስት ራሱ የጠፋው በዚያ ምክንያት ነው። ማንም ደግሞ አይቆጣህም። ሰው "አይ፣ ልምምድ ላይ ነው" ብሎ ያከብርልሃል። ምክንያቱ ጥሩ ስለሆነ ማንም አይጠይቅህም፣ አንተም ራስህን አትጠይቅም።

ከዚያ የጫማው ነገር መጣ።

የሩጫ ጫማ ዕድሜ አለው። ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ይባላል፤ እንደ ሯጩ ክብደትና እንደ መንገዱ ይለያያል። ከዚያ በኋላ ሶሉ ይሞትና ጉልበትህን ያስቸግርሃል። እኔ የጫማዬን ኪሎ ሜትር አንድ በአንድ እመዘግባለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ማታ፣ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጫማዬን ገልብጬ አየዋለሁ። የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል። አውራ ጣቴን አስገብቼ ሶሉን ስጫነው አይመለስም። 640 ኪሎ ሜትር። አዲስ ልገዛ ነው፣ ውድድሩ ሳይደርስ እግሬ እንዲለምደው።

አጠገቡ የልጄ ጫማ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፤ ምናልባት ገልብጦ ማየቱ ለምዶብኝ ይሆናል። የሁለቱም ተረከዝ ወደ ውስጥ ተረግጦ ተኝቷል፣ እንደ ነጠላ ጫማ። ጫፉ ላይ ደግሞ አውራ ጣቱ ጨርቁን ከውስጥ ወጥሮት፣ ሊቀደድ ትንሽ ነው የቀረው። እጄን ባስገባ ውስጡ ያለው ስፖንጅ በጣቶቹ ቅርጽ ጎድጉዷል። አምስት ትንንሽ ጉድጓድ።

ጠራሁት። "ይሄ ጫማ ጠቦሃል እንዴ?"

"ትንሽ" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ትከሻውን ነቀነቀ። "ቆየ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ከማራቶኑ በኋላ እነግርሃለሁ ብዬ ነው፣ አባዬ።"

ምንም ቅሬታ የለውም። በቁጣም አላለውም። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው፣ በቤታችን ሁሉም ነገር የሚደረገው ያኔ ስለሆነ። ዝም ስልበት ደግሞ ሊያጽናናኝ ፈለገ። "አበበ ቢቂላም ጫማው ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል" አለኝ። የሮሙን ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1960ውን። የነገርኩት እኔ ነኝ።

አንጀቴን በላው። የራሴን ጫማ ኪሎ ሜትር በቁጥር አውቃለሁ። የልጄ እግር ማደጉን አላየሁም።

እናቱም አላየችም፣ እሷንም እኔንም መውቀስ አይደለም የያዝኩት። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን አየሁት። በቀይ የተሰረዙት ቀኖች ብዙ ናቸው። አንድ በአንድ ሳያቸው የሚገርም ነገር አገኘሁ። የሮጥኩባቸውን ቀኖች አስታውሳለሁ። ይቺ ዝናብ የመታኝ ናት፣ ይቺ ጭጋግ ሆኖ መንገዱ የጠፋኝ ናት፣ ይቺ መጀመሪያ 20 የሞላሁባት። ያልሮጥኩባቸው ቀኖች ግን ባዶ ናቸው። ማክሰኞ ከሰዓት ምን ሠራሁ? ዐርብ ማታ ከማን ጋር ነበርኩ? የለም።

ስለዚህ ጥፋቱን ሩጫው ላይ መጫን አልችልም። ስሮጥ ጊዜ አይሸሸኝም። እንዲያውም በዓመቱ ውስጥ እንደ ረጅም ሩጫ ቀስ ብሎ ያለፈ ሰዓት የለኝም። የዛሬውን ልንገራችሁ። 27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ከበደ። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ሰውነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ልክ አለው፣ ብዙ ሰው 30ው አካባቢ ላይ ያልቅበታል። ሯጮች "ግድግዳው" የሚሉት እሱን ነው። ረጅሙን ሩጫ በሶምሶማ የምንለማመደውም፣ በየመሐሉ ስኳር የምንወስደውም ለዚህ ነው። የስኳር ጄሉን ማሸጊያ በጥርሴ ቀደድኩት፣ ጣቴ ተለቀለቀ፣ ጣቶቼ እርስ በርስ እየተጣበቁ ሮጥኩ። ከፊቴ ያለውን የመብራት ምሰሶ አያለሁ፣ እሱጋ እደርሳለሁ፣ ቀጣዩን አያለሁ። ያቺ እያንዳንዷ ምሰሶ አሁንም ዓይኔ ላይ አለች። ዓመቱ ያመለጠኝ ስሮጥ አይደለም። ስጠብቅ ነው።

አንድ ሰው ደጋግሞ ወደ አእምሮዬ ይመጣል፤ ታምራት ቶላ። እ.ኤ.አ. በ2024 ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተተካ። ገባና አሸነፈ፣ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። እኔን የሚያስደንቀኝ ድሉ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። ይሮጥ አይሮጥ የማያውቀው ውድድር! ያ ብቃት በሁለት ሳምንት አይመጣም። ጠዋት ጠዋት ሲነሳ፣ ዳገቱን ሲወጣ፣ "ከፓሪስ በኋላ" የሚለው ነገር እንኳ እርግጠኛ አልነበረም። "ተጠባባቂ" የሚለው ቃል የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ለእያንዳንዱ ቀን ሙሉ ዋጋውን ከፍሏል፣ የሚከፈለው ነገር ይኑር አይኑር ሳያውቅ።

እኔ ደግሞ ተገላቢጦሹን ሳደርግ ከረምኩ። ለአንዲት እሑድ ጠዋት ስል ሌላውን ቀን ሁሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ጫማውን ባየሁ ማግስት ለልጄና ለእኔ ጫማ ልገዛ ይዤው ሄድኩ። መጀመሪያ የእሱ ተለካ። ሁለት ቁጥር ጨምሯል። ሁለት! ሻጩ ራሱ ደነገጠ። ልጁ ግን ደስታው፤ ሱቁ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሮጦ እየተመለሰ "አባዬ፣ ሰዓት ያዝልኝ" ይላል። ያዝኩለት።

ማራቶኑን አልተውኩም። እሮጣለሁ፣ በጣም ጓጉቻለሁም። ወረቀቱም በሩ ላይ አለ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጨመርኩት። ከኪሎ ሜትሩ ጎን፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የዚያን ቀን የሆነ ሌላ ነገር አንድ እጽፋለሁ። ትናንት "ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፣ አንድ ሰዓት አወራን" ይላል። ከትናንት ወዲያ "ጥርስ ተነቀለ።" የዛሬውን ገና አልጻፍኩም፤ ይህን ቀድቼ ስጨርስ እጽፈዋለሁ።

የነገው በወረቀቱ ላይ "ዕረፍት" ነው የሚለው። አክስቴ ጋ እንሄዳለን፣ ልጁም አብሮኝ ይመጣል። አሁን በደንብ ታያለች አሉ። አዲሱን ጫማውን ሊያሳያት ነው፤ ከአሁኑ ጠርጎ በሩ ሥር አስቀምጦታል፣ ከእኔው ጎን።

ደህና እደሩ።